ቤት የሚውል ሰው ይወቅ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ አገር፣ ስለ ባህልና ስለ ልጆች ቋንቋ መነጋገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ለዛሬ የመረጥነው ከቤዝመንት ጥግ ከአሮጌ ዕቃ ኋላ የቆመውን የውኃ ማሞቂያና በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ቧንቧ ነው። ርእሱ ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ ከመካከላችን ቤት የገዛው ሰው የብዙ ዓመት የሌሊት ሥራውን ያስቀመጠው በእነዚህ ግድግዳዎች ውስጥ ነው፤ ያልገዛውም ልጆቹን የሚያሳድገው በእነርሱ ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ወጥተን ከመሸ እንገባለን። ባለቤቶቻችንም በሆስፒታልና በሆቴል በፈረቃ ይሠራሉ። ታዲያ ቤት የሚውለው ማን ነው? የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናታችን ናቸው፤ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው፤ ቤዝመንት የተከራየ ወንድም ነው። ቧንቧ የሚፈነዳው እኛ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የንግግራችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የቤቱን ውኃ መዝጋት ቤት የሚውለው ሰው ይወቅ።

በመጀመሪያ ስለ ቤቶቻችን ዕድሜ ጥቂት እንበል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አሌክሳንድሪያ በ1749 የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በኦልድ ታውን ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸው ቤቶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። ዴል ሬይ መሠራት የጀመረው በ1894 ነው። ፓርክፌርፋክስ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1941 እስከ 1943 ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቀለም ተቀብቶና ወለሉ ተወልውሎ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ዕድሜውን የሚናገረው ቧንቧው ነው።

እስከ 1950ዎቹና 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ቤቶች የገባው ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ ነበር። ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም እየወፈረ የውኃውን መንገድ ያጠባል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቡናማ ከሆነ፣ አንዱ ቧንቧ ሲከፈት የሌላው ከቀጠነ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። በዚህ ላይ አዲስ የመዳብ ቧንቧ ከአሮጌው ብረት ጋር በቀጥታ ከተጋጠመ፣ ሁለቱ ማዕድናት በውኃው አማካይነት እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም ብረቱ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተጠገነው ቦታ ጎን ያለው የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

አሮጌ ቤት እርሳስም ሊኖረው ይችላል። የፌዴራሉ መንግሥት ለመጠጥ ውኃ የእርሳስ ቧንቧና እርሳስ ያለበት መበየጃ እንዳይገባ የከለከለው በ1986 ነው። በጎረቤታችን በዋሽንግተን፣ በ2000 ውኃው በክሎሪን ፋንታ በክሎራሚን መታከም ከጀመረ በኋላ፣ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውኃው መግባቱ በ2004 በጋዜጣ ወጥቶ ከተማውን ማስደንገጡ አይረሳም። ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ይበልጥ እርሳስ ያሟሟል። ስለዚህ ለሻይ፣ ለሽሮ፣ ይልቁንም ለሕፃን ወተት፣ ቶሎ ይፈላል ብሎ ከሙቁ መስመር መቅዳት አይገባም። ቀዝቃዛውን ጥቂት አፍስሶ ከዚያ መቅዳት ይሻላል። ማፍላትም እርሳሱን አያጠፋውም።

ወደ ማሞቂያው እንምጣ። የሙቅ ውኃ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ያስቆረቆሩት የፍልውኃን አካባቢ ወድደው ነው። በየቤታችንም ውኃ በድስት ጥደን፣ በሳፋ በርዘን ታጥበናል። የድስት ውኃ ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። እዚህ ያለው ልዩነት ውኃው በተዘጋ በርሜል ውስጥ መሞቁ ነው።

ይህን ከታክሲያችን ሞተር ይልቅ የሚያስረዳ የለም። የራዲያተር ውኃ ታፍኖ ስለሚሞቅ ከመፍያው ልክ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል፤ በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን የሚቃጠለው ለዚህ ነው። የውኃ ማሞቂያም እንደዚሁ ነው። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ማሞቁን ካላቆመ፣ ውኃው ሳይተን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በርሜሉ ሲቀደድ ግን አንዱ እጅ ውኃ በቅጽበት ወደ 1600 እጅ የሚጠጋ እንፋሎት ለመሆን ይነሣል። በጥር 1982 በኦክላሆማ ስቴት፣ ስፔንሰር በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውኃ ማሞቂያ ፈንድቶ ስድስት ልጆችና አንድ አስተማሪ ሞተዋል።

ይህን አደጋ የሚከላከለው በማሞቂያው አናት ወይም ጎን ያለው የማስተንፈሻ ቫልቭ ነው። ግፊቱ በካሬ ኢንች 150 ፓውንድ ወይም ሙቀቱ 210 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ራሱን ከፍቶ ያስተነፍሳል። ከእርሱ ወደ ወለል የሚወርደው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይቶ በቡሽ ወይም በብሎን የሚደፍን ሰው አለ። ይህ የራዲያተርን ክዳን እንደ መበየድ ነው። ካንጠባጠበ ወይ ቫልቩ አርጅቷል፣ ወይ የቤቱ ግፊት ከመጠን አልፏል፤ ባለሙያ ይጠራ እንጂ አይደፈን።

ሙቀቱም ልክ አለው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የሚመክረው 120 ዲግሪ ፋራናይት ነው። በ130 ዲግሪ በሠላሳ ሴኮንድ፣ በ140 በስድስት ሴኮንድ፣ በ150 ዲግሪ ግን በሁለት ሴኮንድ ለአዋቂ ሰው እንኳ ከባድ ቃጠሎ ይደርሳል። የሕፃንና የአረጋዊ ቆዳ ከዚህም ይፈጥናል። ቤተሰቡ ሲበዛ ሙቅ ውኃ አነሰን ብሎ መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ ማዞር በልጅ ገላ ላይ መጫወት ነው። ከዚያ ይልቅ ሻወሩን በተራ ማድረግ ይሻላል።

በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ያለን ደግሞ ጭስ ማውጫውን እንመልከት። በአገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። የገዳዩ ስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፤ የጋዝ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ከተነቀለ ወይም ከተደፈነም የሚመጣው እርሱ ነው። መጀመሪያ የሚያገኘው ከማሞቂያው አጠገብ የሚተኛውን የቤዝመንት ተከራይ ነው። በየፎቁና በመኝታ ክፍል አጠገብ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መስቀል ግዴታችን ይሁን። መሣሪያው ከጮኸ፣ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ወጥቶ ከውጭ ወደ 911 መደወል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የቤቱ ዋና የውኃ መዝጊያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቧንቧው ከመንገድ በሚገባበት በኩል፣ በቤዝመንቱ የፊት ግድግዳ ላይ ነው። በአሮጌ ቤት እንደ መኪና መሪ የሚዞር፣ አገር ቤት ሳራቺኔስካ የምንለው ዓይነት ነው። ለዓመታት ካልተነካ ይነክሳል፤ በጉልበት ቢያስገድዱት ይሰበራል። በእጀታ ሩብ ዙር በሚዘጋው ዓይነት ቢለወጥ ለእናታችንም አይከብድም፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲተኛ ክፍት፣ መስቀል ሲሠራ ዝግ ነው። በላዩ ቀይ ጨርቅ እንሰር፤ “የውኃ መዝጊያ” ብለን በአማርኛ ጽፈን እንለጥፍ።

ማሞቂያው ካፈሰሰም ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ከቆጣሪው ሳጥን ማጥፋት፤ በጋዝ ከሆነ መዝጊያውን ማዞር፤ ከዚያ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ቀዝቃዛ ውኃ መዝጋት ነው። ሳጥኑ ጋ ለመድረስ ውኃ መርገጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አይነካ፤ ይወጣ፤ ይደወል። የጋዝ ሽታ ካለም መብራት ሳያበሩ ሳያጠፉ መውጣት ነው።

ክረምቱንም አንርሳ። በጥር 19 ቀን 1994 በዚህ አካባቢ ቅዝቃዜው ከዜሮ ፋራናይት በታች 4 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር ብረት ይሰነጥቃል። በዚያ ዓይነት ሌሊት ከውጭ ግድግዳ ጋር የተያያዘውን ቧንቧ በቀጭኑ ማንጠባጠብ፣ የላቫንዲኖውን ሥር ሳጥን መክፈት ይጠቅማል። የቀዘቀዘ ቧንቧ በእሳት አይሞቅም።

ተከራይ የሆንን ወገኖችም መብታችንን እንወቅ። በቨርጂኒያ ሕግ አከራይ ሙቅ ውኃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሲጓደል በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማመልከትና ግልባጩን መያዝ ይገባል። ቤታችንን ያከራየን ደግሞ ያው ሕግ እኛንም እንደሚይዘን እናስብ።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ የሞተር ዘይት በጊዜው የምንለውጥ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ከማሞቂያው ሥር የተጠራቀመውን ደለል ማጠብ አይሳነንም። ሥራው ከእጃችን ካለፈም ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥራት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከዚህ በዓል ስንመለስ ከመተኛታችን በፊት እናታችንን፣ ልጃችንን፣ ተከራያችንን ይዘን ወደ ቤዝመንት እንውረድ። እናሳያቸው ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ እጃቸው ዘግተው ይክፈቱ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አባላት ቤት ደግሞ፣ ተራ የሌለን አሽከርካሪዎች ሁለት ሁለት ሆነን ሄደን ይህንኑ ለማድረግ ፈቃደኞች መሆናችንን ለማኅበሩ እናስታውቃለን።

እግዚአብሔር ቤታችንን ይጠብቅልን።