ምልክት የማይሰጥ በሽታ

ስለ አባላዘር በሽታ የሚያስተምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቍስል ሥዕል አሳይቶ ተማሪውን ማስፈራራት ይቀናዋል። ትምህርቱ ግን ጕድለት አለበት፤ ቍስል የሌለበት ተማሪ «እንግዲያስ እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ይሄዳልና።

ክላሚዲያ የተባለው በሽታ በአብዛኞቹ ሴቶች፥ በብዙ ወንዶችም ላይ ምልክት አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑት ሰዎች ዘንድ 129 ሚሊዮን ያህል አዲስ ሕመም እንደ ደረሰ ገምቷል። በዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጃገረድ አንዳች ሳይሰማት በሽታው ወደ ማሕፀን ቱቦዋ ሊዘልቅ ይችላል፤ ጠባሳው የሚታወቀውም ምናልባት ከዓመታት በኋላ፥ ትዳር ይዛ ልጅ ስታጣ ነው። መድኃኒቱ እኮ የጥቂት ቀን ነበር!

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ሕክምናው በአመዛኙ የሚሰጠው ምልክት ታይቶ ስለሆነ፥ ከሐኪም ፊት የሚቀርበው ያ ሥዕል ያስፈራው፥ ቍስሉንም በዓይኑ ያየ ተማሪ ብቻ ነው።