የግድብ ውኃ፣ የወባ ትንኝና የሳይንስ አንድነት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሕክምና፣ ሥነ ሕይወትና ንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየራሳቸው ሕንፃና በየራሳቸው መምህር የሚሰጡ ሦስት የትምህርት ዘርፎች ናቸው። ከሦስቱ ለመሐንዲስ የሚቀርበው ፊዚክስ ስለሆነ፣ ሐኪሙንና የሥነ ሕይወት ተመራማሪውን ከሥራው ውጭ እንደቆሙ ባለሙያዎች መመልከቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለውን ቆላ ላስተዋለ ሰው ይህ ክፍፍል የተማሪ ቤት እንጂ የተፈጥሮ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ውኃን የሚገድብ መሐንዲስ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በሕዝብ ጤና ላይ የሚወስን ሰው መሆኑን ማስረዳት ነው።

ነገሩን ከመነሻው ለመመልከት ወደ ወባ ምርምር ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። ሮናልድ ሮስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ አገር ሳሉ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኙ፤ በዚሁ ግኝታቸው በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሮስ ግን በማይክሮስኮፕ ብቻ አልተወሰኑም። በአንድ መንደር ዙሪያ ያለው ኩሬ ሁሉ ቢደርቅ ከውጭ የሚመጡ ትንኞች መንደሩን እንደገና ለመውረር ምን ያህል ይችላሉ? ይህን ጥያቄ በ1904 ሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ በሒሳብ አቀረቡት።

ጥያቄው በሐኪሞች መካከል ብቻ አልቀረም። በ1905 የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ለ«ኔቸር» መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ሰው ጥቂት እርምጃ በቀጥታ ከሄደ በኋላ ወደ ፈለገው አቅጣጫ እየዞረ ይህንኑ ደጋግሞ ቢያደርግ፣ በመጨረሻ ከመነሻው ምን ያህል ርቆ ይገኛል ሲሉ ጠየቁ። መልሱን የሰጡት ስለ ድምፅ ሞገድ ሲመረምሩ ተመሳሳዩን ስሌት አስቀድመው የሠሩት የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነበሩ። በዚያው ዓመት አልበርት አንስታይን የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን በ1827 ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ያዩትን ክስተት በሒሳብ አብራሩት፤ የአቶምን መኖር ለማረጋገጥም መንገድ ከፈቱ። ስለዚህ የትንኙ በረራ፣ የብናኙ መንቀጥቀጥና የድምፁ ሞገድ በአንድ ዓይነት ስሌት የሚገዙ ሆነው ተገኙ። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የፊዚክስ ሊቁ ሙሉጌታ በቀለ በምርምራቸው ያተኮሩት ይህን የብራውን እንቅስቃሴ በሚመለከተው የስታቲስቲካል ፊዚክስ ዘርፍ ላይ ነው።

ስሌቱ ለመሐንዲስ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል ነው። ያለ አቅጣጫ የሚባዝን ነገር በሁለት እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ጊዜ፣ በሦስት እጥፍ ለመራቅ ዘጠኝ እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። የትንኝ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ከዚህ የተነሣ አብዛኛው ትንኝ ከተፈለፈለበት ውኃ ብዙ ሳይርቅ ይሞታል፤ የአደጋውም መጠን በውኃውና በመኖሪያ ቤቱ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ሮስ ቆየት ብለው ሌላ ታላቅ ሐሳብ ጨመሩ፤ ይኸውም ወባን ለማጥፋት ትንኝን እስከ መጨረሻዋ መግደል አያስፈልግም የሚል ነው። ቁጥሯ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በሽታው ራሱን መተካት አቅቶት እየመነመነ ይጠፋል።

ንድፈ ሐሳቡ በኢትዮጵያ ምድር ተፈትኗል። ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በትግራይ አነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ መንደሮች የታየው የወባ መጠን ከራቁት መንደሮች ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2009 ዶክተር ድልነሳው የኋላውና ባልደረቦቻቸው ስለ ግልገል ጊቤ ግድብ ባሳተሙት ጥናት፣ ለሐይቁ በቀረቡ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ይበልጥ ለወባ እንደሚጋለጡ አሳዩ። ዶክተር ሰሎሞን ክብረትና ባልደረቦቻቸውም በቆቃ ሐይቅ ዙሪያ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ግድቦቹ የተሠሩት ለመስኖና ለመብራት ነው፤ ወባው ግን በዲዛይኑ ሰነድ ላይ ያልተመዘገበ ወጪ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጉዳይ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንግዳ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥተው በፓዊ የሠፈሩ ገበሬዎች የቆላውን ወባ የሚቋቋም ሰውነት ስላልነበራቸው ክፉኛ ተጎድተዋል። ዛሬም በሽታው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ብቻ በመላ ኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውኃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። በዚህ ቆላ ቀድሞ ወንዝ ብቻ በነበረበት ስፍራ ዛሬ ረጅም የሐይቅ ዳርቻ ተፈጥሯል።

ታዲያ መሐንዲሱ ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሱን የሚሰጠው ሥነ ሕይወት ነው። በኢትዮጵያ ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በጥልቁ ውኃ ላይ ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የለሽ ዳርቻ፣ ውኃው ሲሸሽ በሚቀሩ ኩሬዎችና በከብት ኮቴ ዱካ ውስጥ ነው። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስም በሞቃት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ዳርቻው ከዚህ ጊዜ ቀድሞ ከደረቀ እጩ ሳይበር ይሞታል። በአሜሪካ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሐይቆቹን ከፍታ ሆን ብሎ ከፍና ዝቅ በማድረግ ወባን ከተዋጋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። የቆቃው ጥናትም የውኃው ከፍታ ቶሎ ቶሎ በወረደባቸው ጊዜያት የእጩ ብዛት ያነሰ እንደነበረ አመልክቷል።

ስሌቱን እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል በወረቀት ጠርዝ ላይ ሊሠራው ይችላል። በመቶ ሜትር አግድም አንድ ሜትር በሚያዘቀዝቅ ዳርቻ የውኃው ከፍታ በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር ሲወርድ የውኃው ጠርዝ አንድ ሜትር ይሸሻል፤ በቀን ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር ይሸሻል። የእጩን ዕድል የሚወስነው ይህ ፍጥነት ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የተለቀቀ ውኃ መልሶ አይገኝም፤ ከፍታው ሲቀንስም ተርባይኑ ከአንዱ ኪዩቢክ ሜትር የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል። እንደ ሕዳሴ ያለ ሰፊ ሐይቅ ደግሞ እንደ ትንሽ ኩሬ በፈቃድ ከፍና ዝቅ የሚል አይደለም። በቆቃ የተገኘውንም ቁጥር እንዳለ ወደ ጉባ መውሰድ ሳይንስ ሊባል አይችልም፤ የመሬቱ ተዳፋት፣ ሙቀቱና የሰዉ አሰፋፈር ይለያያልና። ይሁንና ይህ ተቃውሞ ምርምሩን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያስገድድ ነው። የወባ መተላለፊያ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት ስለሆኑ ጥያቄው ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስለ ማፍሰስ አይደለም። በእነዚያ ጥቂት ወራት ከሚለቀቀው ውኃ ላይ በጊዜው አደላደል ምን ያህል ጥቅም ማግኘት እንደሚቻል የሚጠይቅ ነው። ይህን ሐኪሙ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ የግድቡ መሐንዲስም ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

ከታላቁ ግድብ ውጭም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ወደ አሶሳ በሚወስዱት መንገዶች ዳር አፈር የተወሰደባቸው ጉድጓዶች በክረምት ውኃ ያቁራሉ፤ በውሉ ውስጥ ተሞልተው ወይም ተፋስሰው እንዲተዉ የሚያዝዝ አንድ አንቀጽ ማስገባት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የሠራተኛ ሠፈርና አዲስ መንደር ቦታ ሲመረጥ የ3 ኪሎ ሜትሩ ትምህርት ሊዘነጋ አይገባም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው መኖሩም የፊዚክስ፣ የሥነ ሕይወትና የጤና ተማሪዎችን በአንድ ዳርቻ ላይ አሰባስቦ የውኃውን ከፍታ፣ የእጩን ብዛትና የሕሙማንን ቁጥር ጎን ለጎን ለማስመዝገብ ምቹ ዕድል ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ የግድብ አሠራር መመሪያ ሲረቀቅ በጠረጴዛው ዙሪያ የውኃ፣ የኤሌክትሪክና የግንባታ ባለሙያ መቀመጡ የታወቀ ነው። ከእንግዲህ ለትንኝ ተመራማሪውና ለሐኪሙም ወንበር ይሰጣቸው። በሐይቁ ዳርቻ የሚያድገው ሕፃን ሌሊት መብራት ሲያገኝ፣ በዚያው ውኃ ምክንያት በትኩሳት እንዳይንቀጠቀጥ ማድረግ የምሕንድስና ሙያ ግዴታ ነው።