ነጭ ቀበቶ



ቴኳንዶ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። አሰልጣኜ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እኔ ግን “አቤት ማስተር” እላለሁ (ተማሪዎቼ ባያዩኝ ይሻላል)።

በሦስተኛው ወር ተረከዜን ሲያመኝ ዝም አልኩ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህን እኮ አስተምራለሁ! ታካሚ እንዲህ ቢያደርግ እቆጣው ነበር። ጅማቱ ተቆጣ፣ አራት ወር ቤት ዋልኩ።

ስመለስ ማስተር የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ “ዶክተር፣ ለምን አልነገሩኝም?” መልስ አልነበረኝም። አፍሬ ነዋ፤ ከወጣቶቹ ላለማነስ።

አሁን የሚያመኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከፍ አድርጎ መምታቱን ትቼ የምቆምበትን እግር አያለሁ። ከተረኝነት ማግስት እንኳ ለ20 ደቂቃ እገባለሁ።

ቀበቶዬ ገና ቢጫ ነው። በሚቀጥለው ወር ለአረንጓዴ እፈተናለሁ፤ ልቤ እንደ አናቶሚው የቃል ፈተና ድው ድው ይላል።