ቅርብ ሰውና ክፉ ሐሳብ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ንግግር አድርግ ሲለኝ ስለ ታክሲ ሥራ እንደምናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። ከታክሲው ብዙ አልርቅም። ሆኖም አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጀምሬው ከነበረው የሥነ ልቡና ትምህርት ጥቂት ልጨምርበት አስቤአለሁ። ርእሴ ቅርብ የምንላቸው ሰዎች በሐሳባችንና በስሜታችን ላይ ያላቸው ኃይል ነው።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» እየተባልን አድገናል። እውነት ነው፤ መድኃኒት ግን አወሳሰድ አለው።

አሮን ቤክ የተባሉት አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደጻፉት፣ በድብርት የተያዘ ሰው ክፉ ሐሳብ በሦስት ነገሮች ላይ ያነጣጥራል፤ በራሱ፣ በዓለምና በነገው ላይ። ይህን ለማየት ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ይበቃል። ሌሊቱ የቀዘቀዘበት ሹፌር «እኔ ዕድል የለኝም» ይላል። ቀጥሎ «ይህ ከተማ አልቆለታል»፣ ከዚያም «ልጆቼንም የትም አላደርሳቸው» ይላል። እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ከፊቱ ያለው ጓደኛው ወርዶ መስኮቱን ተደግፎ «ያለቀለትማ ድሮ ነው!» ሲለው ግን ሐሳቡ ምስክር አገኘ ማለት ነው። ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሁለቱም ያንኑ ብሶት ያላምጣሉ።

አማንዳ ሮዝ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ችግር ደጋግመው የሚያወሩ ጓደኛሞች መቀራረባቸው የጠነከረ፣ ጭንቀትና ድብርታቸውም የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። የተጠኑት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። እኔ ግን ሴትዮዋ የእኛን ሰልፍ ያዩት ይመስለኛል።

እንግዲያው ዝም እንበል? እሱም አይሆንም። እዚህ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባል ሌሊት ታክሲ ሲነዳ፣ ሚስት ቀን የሆቴል ክፍል ስታጸዳ፣ በር ላይ ብቻ የሚተላለፉ ባልና ሚስት ስንት ናቸው! እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ለ78 ቀናት ሲዘጉ እነዚህ ባልና ሚስት አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠጡ። እሱ «ብነግራት ትጨነቃለች» ብሎ የቤት ኪራዩን ነገር ሆድ ይፍጀው አለ። እሷ የተኮሳተረ ፊቱን አይታ «ጠልቶኛል» አለች። ያልተነገረውን ነገር እያንዳንዱ በራሱ ፍርሃት ሞላው። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የለንደን ሴቶች ጥናት፣ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው መካከል የልባቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው የነበራቸው በድብርት የመያዛቸው ዕድል ያነሰ ነበር።

ታዲያ በማላመጥና በማካፈል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በሰልፋችን ላይ ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር አሉ። ብሶተኛውን እስኪጨርስ ያዳምጡታል፤ አያቋርጡም፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለውም አይገላገሉትም። ከዚያ «ባለፈው ዓርብስ ስንት ገባልህ?» ይላሉ። ሰውየው ያስባል፤ ቁጥሩን ይናገራል። «ጃንዋሪ ላይ ያ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ሲመጣስ የት ልትሆን ነው?» ይሉታል፤ ይስቃል። ቤክ ታካሚዎቻቸውን ማስረጃህ ምንድን ነው እያሉ ያስመረምሩ እንደነበረው መሆኑ ነው፤ ጋሼ ግን ቤክን አንብበው አያውቁም። የቤት ኪራዩ አልተከፈለም፤ ሰውየው ግን ወደ መኪናው ሲመለስ ነገን ጨርሶ አልዘጋውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወዳጃችሁ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ነገሩ ለሰልፍ ወሬ የሚተው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በ988 ሌትም ቀንም መደወል ይቻላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ስልኩ እስኪነሣ ድረስ ከጎኑ አትለዩ። ቁጥሩን በትልቁ ጽፈን በአዳራሹ በር ላይ ለጥፈነዋል፤ ስትወጡ በየስልካችሁ መዝግቡት።