ማወቅና ማስረዳት



የተማረ ሰው ሲናገር ሰምታችሁ «ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ማወቅ አንድ ሙያ ነው፤ ማስረዳት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ስለዚሁ ሙያ አንድ ነገር እንንገራችሁ።

አውስትራሊያ በምትባል ሩቅ አገር፣ ካንቤራ በተባለችው ዋና ከተማ፣ ማይክ ጎር የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የሚያስተምሩት ፊዚክስን፣ ማለትም ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅና ስለ ኃይል የሚያጠናውን ትምህርት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰው በገዛ እጁ እየነካ የሚማርበት የሳይንስ ቤት ከፈቱ። በ1985 ደግሞ መሣሪያው በመኪና ተጭኖ በየገጠሩ ይዞር ጀመር። በ1988 ከእንስሳት ጥናት መምህሩ ከክሪስ ብራያንት ጋር ሆነው፣ ሳይንስን ለሕዝብ የማስረዳትን ሙያ በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዎቹም ከመኪናው ጋር እየዞሩ በሕዝብ ፊት ተማሩ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የጤና ሠራተኛ መጥቶ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ቢላችሁ፣ «ለምን?» በሉት። በውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ በሽታ የሚያመጡ ነፍሳት እንዳሉና ሲፈላ እንደሚሞቱ ያስረዳችሁ። ካልገባችሁ ድገምልን በሉ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው እንጨት ያነሰው ቀን ማፍላቱን ይተዋልና።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ደጃዝማችነቱስ ይቅር፤ ዕውቀቱ ግን አይቅርባችሁ! እኛም ስትጠይቁን ነው ማስረዳትን የምንማረው።