የሞተሬ ሞተር

 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሞተሬ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን በአንድ ነገር እንስማማ። እኛ የምንቀመጥባትንም «ሞተር» እንላለን፤ ሆዷ ውስጥ የሚጮኸውንም «ሞተር» እንላለን። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ «ሞተርህ ምኑን ነው ያመመው?» ቢለኝ «ሞተሩን» አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ለመሳቅ የሚሆን ገንዘብ አልቀረኝም ነበር። እንግዲህ ለዛሬ ግራ እንዳንጋባ፣ የምንቀመጥባት «ሞተሯ» ትሁን፤ የሚጮኸው «ሞተሩ» ይሁን።

የወላይታ ሰው በሬ መግዛት ያውቅበታል። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲቃረብ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ የከረሙ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ሆነው ገበያ ይወርዳሉ። የበሬው ጥርስ ይታያል፤ ሻኛው ይዳሰሳል፤ ወዲያ ተነድቶ ወዲህ ይመለሳል። የአንድ ሰው ዓይን አይታመንም፤ አራት አምስት ሰው ያየዋል። እኔ ሞተሯን የገዛሁት ግን ብቻዬን ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደላላው «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» እያለ ሲያዋክበኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው።

የህንድ ሥሪት ናት፤ 150 ሲሲ። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መስታወቷ ፀሐይ እየመታው ጠበቀችኝ። ሻጩ አንዴ ረገጣት፤ ተነሣች። እጄን ወደ ሞተሩ ባስጠጋ ትኩስ ነው። ያኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ «ይብረድ፤ ቡና ጠጥተን እንመለስ» እል ነበር። ያረጀ ሞተር ገመናውን የሚያወጣው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ፣ ዘይት ወደማይገባበት ገብቶ እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ ደክሟል ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብን ብሎ የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ግን አያስደነግጥም። እኔ ከዚህ ሁሉ የመረመርኩት ሊብሬውን ብቻ ነው። የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ከብረቱ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነበር። ወረቀቷ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ሥራዬ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሃላሌ ያመላልሰኛል። ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወረዳው በስተምዕራብ ኦሞ ይወርዳል፣ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ስለሆነ የሞተርን ዓመል ያወጣል። በሦስተኛው ቀን፣ ዳገት መሐል ላይ ሞተሯ ጉልበት ከዳት። ሁለቴ ሦስቴ ተንተፋተፈች፤ ከዚያ ጸጥ አለች። ወረድኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሳልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን መያዣውን፣ ወዝወዝ አደረግኩት፤ ቤንዚኑ ይንቦጫረቃል። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ ውሃ ተጎነጨሁና ረገጥኳት። ተነሣች! «ደክሟት ነው፤ ዕረፍት አምሯት ነው» ብዬ ቀጠልኩ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። በሳልስቱም።

በአገራችን የታመመ ሰውና የቆመ ሞተር መድኃኒት አዛዥ አያጡም። አንዱ «ካንዴላው ነው» አለኝ፤ ቀየርኩ። ሌላው «ቦቢናው ሲሞቅ ይደክማል» አለኝ፤ ቀየርኩ። ሦስተኛው ካርቡራተሩን ፈታትቶ አጠበልኝ፤ በዚያው ሚኒሞውንም ነካካው። አራተኛው ደግሞ ዐዋቂ ነው፤ «ሞተሯ ከአርባ ምንጭ የመጣች ናት» አለ። «እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሶዶ ደግሞ 2,000 አካባቢ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን የለመደውን ቤንዚን መስጠቱን አይተውም።» ልብ በሉ፤ የተናገረው እውነት ነው። ቦቢና ሲሞቅ መድከሙም እውነት ነው። ሁሉም የነገሩኝ እውነት ነበር፤ የሌላ ሞተር እውነት።

ይበልጥ ያሳሳተኝ አምስተኛው ነው። ሞተሯ ቤንዚን በተሞላች ማግሥት ሳይሆን በተሞላች ሰዓት እንደምትብስ አስተውዬ ነበር። ሙሉ ሲሆን ጥቂት ሄዳ ትቆማለች፤ ጎደል ሲል ደህና ትጓዛለች። ይህን ስነግረው «በቃ፣ ቤንዚኑ ነው፤ ተቀላቅሎበታል» ብሎ ፈረደ። የማደያው ሰልፍ ሲረዝምብኝ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛሁባቸው ቀናት ስለነበሩ አመንኩት። የነበረውን አስቀድቼ ከማደያ ሞላሁ። ያን ዕለት ከመቼውም ቀድማ ቆመች።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ሚኒሞ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። ባለቤቱ ሄዷል፤ ቃሉ ግን ዛሬም ዘይት እንደተቀባ ያገለግላል። ቃሎቻችን ራሳቸው ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው።

ወደ ሞተሯ ልመለስ። አንድ ቀን እየቆመችብኝ፣ እያስነሣኋት ሃላሌ ደረስኩ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አገኘሁ። ቁልፍ ያነሣል ብዬ ስጠብቅ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ። ጠዋት ለመነሣት ታስቸግራለች?»

«ኧረ የለም።»

«ዘይት ይጎድልብዎታል?»

«አይጎድልም።»

«ስትጠፋ ድንገት ነው ወይስ እየደከመች?»

«እየደከመች። ትንተፋተፋለች።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ እሳት፣ ቤንዚንና አየር፣ እና እመቃ» አለኝ። እመቃ የሚለው ኮምፕሬሽን የምንለውን ነው። «እመቃ ቢጎድላት ጠዋት ታስቸግርዎት ነበር። እሳት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ድንገት ነው፣ መብራት ጠፋ እንደሚባለው። እየተንተፋተፈች ከጠፋች ግን ቤንዚን እያጠራት ነው።»

«ቤንዚንማ ሞልቷል! ሁልጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ።»

ልጁ ቀና አለ። «ምኑን ነው የሚከፍቱት?»

«ክዳኑን።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው ዛሬ አይክፈቱት።»

ሳልባትዮውን ሞልተን፣ እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ እንደ ልማዷ ቆመች። እጄ ወደ ክዳኑ ሲሄድ ያዘኝ። ጠበቅን። ውሃ ተጎነጨሁ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ ረገጥኩ። የለም። ደግሜ ደጋግሜ ረገጥኩ። ንክችም አላለች። «አሁን ጆሮዎን ያስጠጉ» አለና ክዳኑን ቀስ ብሎ አዞረው። ፍስስስ! አየር ወደ ውስጥ ሲገባ በጆሮዬ ሰማሁ። ጥቂት ታገሥንና አንዴ ብረግጣት ተነሣች።

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። የዘይት ቆርቆሮ ሲከፈት በምስማር የሚበሳው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ዘይቱ እንዲወጣ፣ ሌላው አየር እንዲገባ። አንዱን ብቻ ብትበሱ ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። የሞተርም ሳልባትዮ እንዲሁ ነው። ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ለዚህም ክዳኑ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለ። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ ከላይ ተይዞ ይቀራል፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ጥቂት ቤንዚን ያልቅና ሞተሩ ይጠፋል። ሙሉ ስትሆን ቶሎ መቆሟም ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሳሳል።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጄ ነበር። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር አክማት ነበር፤ ምስጋናውን ግን ለዕረፍቱ፣ ለአዲሱ ካንዴላ፣ ለአዲሱ ቦቢና ስሰጥ ከረምኩ።

ልጁ ክዳኑን ፈታው። ከጎማው ሥር፣ በልክ ተቆርጦ የተጣፈ ክብ ፌስታል ወጣ። ሰማያዊ ነው። የተቆረጠው በጥንቃቄ፣ ምናልባትም በመቀስ ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለሻጩ ደወልኩ። «ውይ!» አለ፤ ድምፁ የሌባ አይመስልም። «ክረምት ላይ በክዳኑ ውሃ እየገባ ሲያስቸግረኝ ያደረግኩት ነው። እኔ ለቅርብ መንገድ ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ ሊትር ሊትር እየቀዳሁ ነበር የምነዳት፤ ቆማብኝ አታውቅም። ጭራሽ ረስቼዋለሁ።» ነገሩን ሳስበው እውነቱን ነው። ሰውየው አላታለለኝም። ለራሱ ችግር መላ አበጅቶ ነበር፤ መላው በእሱ እጅ ጤና ነበር፣ በእኔ እጅ በሽታ ሆነ።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ብረቱን ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ ከሱ በፊት የነዱት ሁሉ ያበጁትን መላ አብሮ ይረከባል። አንዱ ሽቦ አሳጥሯል፤ ሌላው ዳዶ ጠፍቶበት በካቦ አስሯል፤ ሌላው ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሏል። ስለዚህ ሻጩን «ችግር አለባት?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «የለባትም» ይላችኋል። «ምን ምን ቀይረህላታል? ክረምት ላይ ምን አስቸገረችህ?» በሉት። ይህን ጥያቄ ደግ ሻጭም ክፉ ሻጭም ይመልሰዋል።

ከገዛችሁ በኋላም እንደዚያ ልጅ አድርጉ፤ ከቁልፉ በፊት ጥያቄውን አስቀድሙ። ገንዘብ የማይጠይቀውን መጀመሪያ እዩ፤ ክዳኑን፣ የቤንዚኑን ቱቦ፣ የካንዴላውን ገመድ፣ ፊልትሮውን። ካንዴላውን አውጡና ተመልከቱት፤ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው፣ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል፣ በዘይት ከራሰ ነገሩ ወደ ፋሻና ወደ ቫልቭ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ኪሳችሁን አዘጋጁ። ደግሞም አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ ካንዴላውንና ቦቢናውን በአንድ ሳምንት ቀይሬ፣ ሞተሯ ድና ቢሆን ኖሮ እንኳ ያዳናት የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ክዳን ስትከፍቱ ደግሞ ሞተሩ ትኩስ መሆኑን አትርሱ፤ ሲጋራ የሚያጨስ መካሪ ካለ ራቅ ይበል።

መካኒኩ የጠየቀኝ ገንዘብ ከአንድ ካንዴላ ዋጋ ያነሰ ነበር። አሮጌውን ጎማ በአዲስ ቀየረልኝ፤ መተንፈሻዋንም በቀጭን ሽቦ ጠረገልኝ። ሶዶ ስመለስ ዳገቱን እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው።

ሞተሯን አንድ ቀን እሸጣታለሁ። የሚገዛኝ ሰው ጥሩ ጠያቂ ላይሆን ይችላል፤ እኔም ያኔ ረስቼው ይሆናል። ስለዚህ ከመቀመጫዋ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያዋ ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ክዳኑ ውስጥ የነበረው ፌስታል ወጥቷል። ዝናብ ሲሆን ከላይ ጨርቅ ጣል አድርግባት እንጂ መተንፈሻዋን አትድፈናት።»