የተከፋፈለ ቤትና ጽንፈኞች፤ ከሲርት እስከ ቡራዩ

(በቡራዩ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ የተባለው ጽንፈኛ ቡድን ልጆቻችንን በሊቢያ በባሕር ዳርቻና በበረሃ ሲገድል የሚያሳየውን ምስል አሰራጨ። ቅዱስ ሲኖዶስ ሰማዕታት ብሎ ሰይሟቸዋል፤ እኛም እናስባቸዋለን። ገዳዮቹ በዚያ ምድር እንዴት ስፍራ እንዳገኙ ግን ስንነጋገር ብዙም አልሰማሁም።

በ2003 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ሲቪሎች እንዲጠበቁ ባሳለፈው ውሳኔ መነሻነት የኔቶ አውሮፕላኖች ሊቢያን ደበደቡ። ጋዳፊ በጥቅምት 2004 በትውልድ አካባቢያቸው በሲርት ተገደሉ። መንግሥቱ ሲፈርስ የጦር መሣሪያው በየታጣቂው እጅ ቀረ። በ2006 መጨረሻ ሀገሪቱ በትሪፖሊና በጦብሩቅ ለተቀመጡ ሁለት መንግሥታት ተከፈለች፤ ግብፅና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የምሥራቁን፣ ቱርክና ኳታር የምዕራቡን ወገን ደገፉ። አይኤስም ዋና ሰፈሩን ያደረገው በሁለቱ መካከል በምትገኘው በሲርት ነው። ሲርት ከጋዳፊ ውድቀት በኋላ የተሸናፊዎች ከተማ ተብላ የተገፋች ነበረች። ቂም ያለበት፣ ጠባቂም ያጣ ስፍራ ነበርና ቡድኑን ለማስወጣት በ2008 የተጀመረው ውጊያ ወራት ፈጀ። የውጭው እጅ ብዙ አጥፍቷል፤ ይሁን እንጂ የሚይዘውን ያገኘው ወንድማማቾች ስለ ተለያዩ ነው።

ይህን በቡራዩ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአሸዋ ሜዳና በአካባቢው የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከሊቢያው ጋር አንድ ነው አልልም። ሆኖም ጎረቤት በማንነቱ ተለይቶ ተገደለ፤ ብዙ የጋሞ ሸማኔ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን የተሾሙ አይደሉም፤ ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። በእኛስ ሰበካ ሁከት ቢነሣ የሚንበረከከው ማን ነው? ወጣቱስ ያውቀዋልን? የውሸት ወሬ በስልክ ሲመጣ ደውሎ የሚያጣራው፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ሽማግሌዎች የሚያገኘውስ?

ከዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በየሰበካችሁ የእነዚህን ሰዎች ስም ጽፋችሁ እንድታስረክቡ እለምናለሁ። ዝርዝሩ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ የተሞላ ከሆነ እንደ ገና ይሠራ።